ለጋ ቡናማ ድንኮችና ታሕተ ቀይ ብርሃን፤ ስለ ጥቂት የሥነ ፈለክ ስያሜዎች

፩. መነሻ

ይህ ጸሐፊ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለተማሪዎች ታስቦ በተዘጋጀ አንድ የሳይንስ ቃላት ዝርዝር ላይ ሲሠራ፣ በእንግሊዝኛ ቃል በቃል «ቡናማ ድንክ» የሚል ፍች ላለው የሥነ ፈለክ ቃል «የከሰመ ኮከብ» የሚል አቻ ሰጥቶ ነበር። በጊዜው ቃሉ የተዋጣ መስሎ ታይቶት ነበር፤ አማርኛነቱ የጠራ ነው፣ ጆሮም አይጎረብጥም፣ የሚሰየመውም ነገር ደብዛዛ የሰማይ አካል ስለ ሆነ ይስማማዋል የሚል ግምት ነበረው። ዝርዝሩ ለሙከራ ለመምህራን ከታደለ በኋላ ግን አንድ የፊዚክስ መምህር የአንዲት ተማሪውን ጥያቄ ይዞ መጣ። ተማሪዋ ስለ «ለጋ የከሰሙ ከዋክብት» የሚናገር ዓረፍተ ነገር አንብባ፣ «ገና የተወለደ ነገር እንዴት ከሰመ ይባላል? መቼ ነደደና?» ብላ ጠይቃለች። መምህሩ መልስ አጣ። መልስ ያጣውም ፊዚክስ ጎድሎት ሳይሆን የሰጠነው ቃል ስሕተት ስለ ነበረ ነው።

«ከሰመ» የሚለው ግስ ነድዶ ለጠፋ ነገር የሚነገር ነው። ቡናማ ድንክ የሚባለው አካል ግን እንደ ከዋክብት ነድዶ አያውቅም። በአንድ ግስ ምክንያት የነገሩ ታሪክ ተገልብጦ፣ ገና በመፈጠር ላይ ያለው በመሞት ላይ ያለ መስሎ ቀረበ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ስሕተት ማረም፣ ከዚያም ጋር ነገሩን ለማስረዳት የሚያስፈልጉትን ዋና ዋና ቃላት መርምሮ ለውይይት ማቅረብ ነው። ቃልን ከመምረጥ በፊት ነገሩን ማወቅ ግድ ስለሚል፣ ቀድሞ ስለ ነገሩ፣ ቀጥሎ ስለ ቃላቱ እንናገራለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

፪. የነገሩ ምንነት

ከዋክብት የሚፈጠሩት በጠፈር ውስጥ ያለ ቀዝቃዛ የጋዝና የአቧራ ደመና በራሱ ስበት ሲሰበሰብና ሲኮማተር ነው። በተኮማተረ መጠን እምብርቱ ይሞቃል። የተሰበሰበው መጠነ ቁስ በቂ ከሆነ፣ የእምብርቱ ሙቀት በሚሊዮን በሚቆጠር ዲግሪ ደርሶ ሃይድሮጅን ወደ ሂሊየም የሚለወጥበት የኑክሊየስ ውሕደት ይጀምራል። ከዚህ የሚወጣው ኃይል የስበቱን ጫና ስለሚመክት መኮማተሩ ይቆማል፤ ኮከቡም እንደ ፀሐያችን ለረጅም ዘመን ጸንቶ ያበራል።

የተሰበሰበው መጠነ ቁስ ከፀሐይ ከመቶ ሰባት ወይም ስምንት እጅ ያህል በታች የሆነ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ይህ ወሰን በጁፒተር ሲመዘን ከ75 እስከ 80 ጁፒተሮች ያህል ነው። ከወሰኑ በታች ያለ አካል ሃይድሮጅንን ጸንቶ ለማንደድ የሚበቃ ሙቀት ላይ ሳይደርስ ቁሱ እጅግ ይታመቃል፤ ኤሌክትሮኖቹም ከዚያ በላይ አንጠጋጋም ብለው ስበቱን ይገቱታል። ስለዚህ መኮማተሩ በነዲድ ሳይሆን በመታመቅ ብዛት ይቆማል። አካሉ ሲኮማተር ያገኘውን ሙቀት ቀስ በቀስ ወደ ጠፈር እየለቀቀ ለዘለዓለም ይቀዘቅዛል። ቡናማ ድንክ የሚባለው ይኸው ነው።

የታችኛውን ወሰን በተመለከተ የዓለም አቀፉ ሥነ ፈለክ ኅብረት የሥራ ቡድን በ2003 ባሳተመው የሥራ ብያኔ መሠረት፣ ከ13 ጁፒተሮች ያህል በላይ የሆነው አካል ቡናማ ድንክ ይባላል። ይህ ቁጥር የተመረጠው ከዚያ መጠን በላይ የሆነ አካል ከባድ ሃይድሮጅን የሚባለውን ዲዩተሪየምን ለጥቂት ጊዜ ማንደድ ስለሚችል ነው። ዲዩተሪየም በተፈጥሮ በጣም ጥቂት ስለ ሆነ ነዲዱ ቶሎ ያልቃል። እንግዲህ ቡናማ ድንክ በልጅነቱ ጥቂት ይነድዳል ቢባል ልክ ነው፤ እንደ ኮከብ ይነድዳል ማለት ግን አይቻልም።

፫. የባዕዱ ስም ታሪክ

የዚህ ዓይነት አካላት ሊኖሩ እንደሚገባ በስሌት ያሳየው ሺቭ ኩማር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። በዚያው ዘመን በጃፓን ሃያሺና ናካኖ ወደ ተመሳሳይ ውጤት ደርሰዋል። ኩማር የተጠቀመበት ስም «ጥቁር ድንክ» የሚል ነበር። ይሁን እንጂ ያ ስም ለሌላ ነገር፣ ይኸውም ነድዶ ጨርሶ ሙሉ በሙሉ ለቀዘቀዘ ነጭ ድንክ አስቀድሞ ተይዞ ነበር። ያልነደደውና ነድዶ የጠፋው በአንድ ስም ሲጠሩ መደናገር መጣ። በ1975 ጂል ታርተር በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሊ ለዶክትሬት ባቀረበችው ጥናት «ቡናማ ድንክ» የሚለውን ስም አስተዋወቀች፤ እስከ ዛሬም ጸንቶ ይኖራል።

እዚህ ላይ የመዝገበ ቃላት ሠራተኛ ሊያስተውለው የሚገባ ትምህርት አለ። የኛ «የከሰመ ኮከብ» የሠራው ስሕተት የባዕዱ ቋንቋ ባለሙያዎች ራሳቸው ሠርተውት፣ ኋላም ትተውት ያለፉት ስሕተት ነው። እኛ ታሪኩን ባለመመርመራችን እነርሱ ከወጡበት ጉድጓድ ገባን።

ቡናማ የሚለውም ቢሆን የአካሉን መልክ አይናገርም። በቀስተ ደመና ኅብር ውስጥ ቡናማ የሚባል ቀለም የለም። ስሙ የተመረጠው በቀይና በጥቁር መካከል ያለ፣ በውል ያልታወቀ ነገር መሆኑን ለመጠቆም ነው። ስሙ ሃያ ዓመት ሙሉ በወረቀት ላይ ሲኖር፣ ስሙ የተሰጠው ነገር ግን በእርግጠኝነት አልታየም ነበር።

፬. ከቀይ በታች ያለው ብርሃን

ነገሩ ይህን ያህል ዘመን የተሰወረው በደብዛዛነቱ ብቻ ሳይሆን፣ የሚለቀው ብርሃን በአብዛኛው በዓይን የማይታይ በመሆኑ ነው። ብረት ቀጥቃጭ ከምድጃው ያወጣውን ማረሻ እናስብ። ብረቱ እጅግ ሲግል ነጣ ብሎ ያበራል፤ እየበረደ ሲሄድ ቢጫ፣ ከዚያም ቀይ፣ በመጨረሻም ጥቁር ይሆናል። ጥቁር ከሆነ በኋላ ግን እጁን የሚያቀርብ ሰው ግለቱ ይሰማዋል። ብረቱ ብርሃን መልቀቁን አላቆመም፤ ብርሃኑ ዓይን ከሚያየው ክልል ወጣ እንጂ።

ይህን ክልል በ1800 ያገኘው ዊልያም ኸርሼል ነው። የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ በየቀለሙ ላይ ቴርሞሜትር ሲያኖር፣ ከቀዩ ወዲያ ምንም በማይታይበት ስፍራ ያኖረው ቴርሞሜትር ከሁሉም የበለጠ ሙቀት አሳየ። በአማርኛ «ታሕተ ቀይ» የምንለው ይህንን ነው። ዓይናችን የሚያየው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ0.4 እስከ 0.7 ማይክሮሜትር ያህል ሲሆን፣ የሙቀት መጠኑ 2,000 ኬልቪን የሆነ አካል ግን ብርሃኑ የሚበረታው በ1.45 ማይክሮሜትር አካባቢ ነው፤ 1,000 ኬልቪን ከሆነ ደግሞ በ2.9 አካባቢ።

ታሕተ ቀይ ሌላም ጥቅም አለው። ለጋ አካላት የሚገኙት በተወለዱበት የአቧራ ደመና ውስጥ ነው። አቧራው የሚታየውን ብርሃን ሲከለክል፣ ረዘም ያለ ሞገድ ያለውን ታሕተ ቀይ ግን በተሻለ ሁኔታ ያሳልፋል። በአንጻሩ ሥራው ቀላል አይደለም። በአየር ውስጥ ያለው የውኃ ተን አብዛኛውን ታሕተ ቀይ ብርሃን ስለሚውጠው፣ ከምድር ሆኖ ማየት የሚቻለው በጥቂት ክፍተቶች ብቻ ነው። ቴሌስኮፑም ራሱ ሞቃት በመሆኑ ታሕተ ቀይ ይለቃል፤ በቀትር ፋኖስ ይዞ ሻማ እንደ መፈለግ ነው። ስለዚህ ቴሌስኮፖቹ በደረቅና ከፍተኛ ተራሮች ላይ ይተከላሉ፣ ብርሃን ተቀባዮቹም እጅግ ይቀዘቅዛሉ፤ የተሻለውም ከአየር በላይ ወደ ጠፈር መውጣት ነው።

፭. የተገኙበት ታሪክ

በ1995 ሁለት ግኝቶች ተከታትለው ተገለጡ። በካናሪ ደሴቶች የሥነ ፈለክ ተቋም የሚሠሩት ራፋኤል ሬቦሎ፣ ማሪያ ሮሳ ሳፓቴሮ ኦሶሪዮና ኤድዋርዶ ማርቲን በአማርኛ «ሰባቱ ከዋክብት» በሚባለው ዘለላ ውስጥ አንድ ደብዛዛ አካል አገኙ፤ በቴኔሪፌ ደሴት ባለው ተራራ ስምም «ቴይዴ 1» አሉት። በዚያው ዓመት በካሊፎርኒያ በፓሎማር ተራራ ባለ ቴሌስኮፕ የሠሩ ተመራማሪዎች፣ ከእኛ 19 የብርሃን ዓመት ያህል በሚርቅ ኮከብ አጠገብ «ግሊዘ 229 ቢ» የተባለውን አካል አሳዩ። በብርሃኑ ውስጥ የሚቴን ምልክት ተገኘ። ሚቴን በከዋክብት ሙቀት ሊጸና የማይችል፣ በጁፒተር አየር ውስጥ ግን የሚገኝ ጋዝ ስለ ሆነ ማስረጃው የሚያከራክር አልነበረም። ይህ የመጀመሪያ ምሳሌ በ2024 እንደገና ሲመረመር አንድ ሳይሆን በ12 ቀን አንዱ በሌላው ዙሪያ የሚዞሩ ሁለት ቡናማ ድንኮች ሆኖ ተገኝቷል።

ለቴይዴ 1 ዓይነቶቹ ያገለገለው ማስረጃ ሊቲየም ነው። ከዋክብት ሊቲየማቸውን በእምብርታቸው ሙቀት ያጠፉታል፤ ከ60 ወይም 65 ጁፒተሮች በታች የሆነ ቡናማ ድንክ ግን ያን ያህል ስለማይሞቅ ሊቲየሙን ይዞ ይቀራል። ይሁን እንጂ በጣም ለጋ ለሆነ አካል ይህ ፈተና አይሠራም፤ ለጋ ኮከብም ገና ሊቲየሙን አላጠፋምና።

ከዚያ በኋላ መላውን ሰማይ በታሕተ ቀይ የቃኙ ሥራዎች በሩን ከፈቱ። ከ1997 እስከ 2001 በአሪዞናና በቺሊ በተተከሉ ሁለት ቴሌስኮፖች የተካሄደው «ቱ-ማስ» የተባለው ቅኝት፣ በ2009 መጨረሻ የመጠቀው «ዋይዝ» የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕም ብዙ ቡናማ ድንኮችን አስገኙ። ለከዋክብት መደቦች «ኤል»፣ «ቲ» እና «ዋይ» የሚባሉ አዳዲስ ፊደላት የተጨመሩት ከእነዚህ ግኝቶች የተነሣ ነው። በ2014 የተገለጠ አንድ ቡናማ ድንክ የገጹ ሙቀት 250 ኬልቪን አካባቢ፣ ማለትም ውኃ ከሚረጋበት በታች ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለውን አካል «ኮከብ» ብሎ መጥራት ለማንኛውም ቋንቋ ፈተና ነው።

፮. ለጋዎቹ

ቡናማ ድንክ ከልደቱ ጀምሮ እየቀዘቀዘ የሚሄድ ስለ ሆነ፣ ከሁሉ የበለጠ የሚያበራው በለጋነቱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሚሊዮን ዓመታት የገጹ ሙቀት እስከ 2,800 ኬልቪን ሊደርስ ይችላል፤ ስፋቱም በኋላ ከሚረጋበት የጁፒተር ስፋት ብዙ እጥፍ ይበልጣል። አንድ ቢሊዮን ዓመት ሲሞላው የብርሃን ኃይሉ ከሺህ እጥፍ በላይ ይቀንሳል። ስለዚህ ተመራማሪዎች በኦሪዮን፣ በፐርሲየስና በመሳሰሉት የከዋክብት መወለጃ ደመናዎች ውስጥ ይፈልጓቸዋል።

ዋናው ችግር ግን ዕድሜን ማወቅ ነው። ጸንቶ የሚያበራ ኮከብ ብርሃኑ ከታወቀ መጠነ ቁሱን መገመት ይቻላል። በቡናማ ድንክ ዘንድ ግን ለጋና ቀላል የሆነው፣ አሮጌና ከባድ ከሆነው ጋር በሙቀት ሊመሳሰል ይችላል። ዕድሜውን ሳያውቁ መጠኑን መናገር አይቻልም። ሁለቱን የሚለይ ምልክት የሚገኘው በአካሉ ኅብረ ብርሃን ውስጥ ነው። ለጋው አካል ገና ስላልታመቀ የገጹ ስበት ደካማ ነው፤ በዚህም ምክንያት የሶዲየምና የፖታሲየም መስመሮች ይሳሳሉ፣ የቫናዲየም ኦክሳይድ ምልክት ይጎላል፣ በ1.6 ማይክሮሜትር አካባቢ ያለው የብርሃን ጉብታም እንደ ጎጆ ክዳን ሹል ይሆናል።

በ2006 በኦሪዮን ውስጥ አንዱ ሌላውን የሚጋርዱ ሁለት ለጋ ቡናማ ድንኮች መገኘታቸው ሲገለጥ፣ መጠነ ቁሳቸውንና ስፋታቸውን ያለ ግምት መለካት ተቻለ። አንዱ 57፣ ሌላው 36 ጁፒተሮች ያህል ሲመዝኑ፣ ስፋታቸው የፀሐይን ሁለት ሦስተኛና ግማሽ ያህል ሆነ። ይልቁንም ያስገረመው ከባዱ ከቀላሉ ቀዝቅዞ መገኘቱ ነው፤ ንድፈ ሐሳቡ የሚጠብቀው ተቃራኒውን ነበርና። ከተሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ የከባዱ መግነጢሳዊ መስክ ሙቀት ወደ ገጹ እንዳይወጣ ማገዱ ነው።

ሌላው ዝነኛ ምሳሌ «ቱ ኤም 1207» የተባለው፣ ዕድሜው 10 ሚሊዮን ዓመት ያህል የሆነ ቡናማ ድንክ ነው። በ2004 በጌል ሾቨን የሚመራ ቡድን በቺሊ በፓራናል ተራራ ካለው ታላቅ ቴሌስኮፕ በታሕተ ቀይ ሲመለከተው፣ በአጠገቡ አምስት ጁፒተሮች ያህል የሚመዝን ጓደኛ አገኘ። ይህ ከሥርዓተ ፀሐያችን ውጭ በፈለክ መጠን ያለ ጓደኛ በቀጥታ በምስል ሲታይ የመጀመሪያው ነው። በብዙ ለጋ ቡናማ ድንኮች ዙሪያም እንደ ሰፌድ የተዘረጋ የጋዝና የአቧራ ዝርግ ተገኝቷል፤ ፈለኮች የሚፈጠሩትም ከእንዲህ ያለው ዝርግ ነው። በ2021 መጨረሻ በመጠቀው በዌብ ቴሌስኮፕ ደግሞ በ2023 «አይሲ 348» በተባለው ለጋ ዘለላ ውስጥ ሦስት ወይም አራት ጁፒተሮች ብቻ የሚያህል፣ በማንም ዙሪያ የማይዞር አካል ታየ። መጠኑ ከፈለክ ጋር፣ አወላለዱ ከኮከብ ጋር ይስማማል። ስሙ ምን ይሁን? ጥያቄው የፊዚክስ ብቻ ሳይሆን የስያሜም ነው።

፯. ስለ ቃላቱ ምርጫ

ሀ) ቡናማ ድንክ። «የከሰመ ኮከብ» እንደማያገለግል ከላይ ታይቷል። «ረመጥ ኮከብ» የሚል ሐሳብም ቀርቦልን ነበር፤ ሙቀትንና ደብዛዛነትን አጣምሮ ስለሚይዝ ያማልላል። ረመጥ ግን የእሳት ትራፊ ነው፤ ሙቀቱ ከነደደ እንጨት የተረፈ ነው። የቡናማ ድንክ ሙቀት በአብዛኛው ከመኮማተር የመጣ ስለ ሆነ ረመጥ ያንኑ የቀድሞውን ስሕተት በሌላ መልክ ይመልሰዋል። «የከሸፈ ኮከብ» የሚለው የተሻለ ነው፤ ሳይተኩስ ስለ ቀረ ጥይት የሚነገር ግስ ስለ ሆነ አለመንደዱን በትክክል ይገልጣል። ጉድለቱ አካሉን በሌለው ነገር ብቻ መግለጡ ነው። በዙሪያው ፈለክ ሊፈጠርበት የሚችለውን አካል ከሽፏል ብሎ መሰየም ፍርድ እንጂ ስያሜ አይሆንም።

ስለዚህ ቃል በቃል የተመለሰው «ቡናማ ድንክ» ቢጸና ይሻላል። ድንክ «ድንክ አልጋ» እንደሚባለው ለዕቃም የሚነገር ስለ ሆነ እንግዳ አይሆንም። ስለ «ቡናማ» ግን ሁለት ማሳሰቢያ አለ። አንደኛ፣ «-ማ» የሚለው ምዕላድ እንደ ተራራማና ደመናማ ባሉት ቃላት ብዛትን ሲያመለክት፣ በቡናማና በወርቃማ ግን መምሰልን ያመለክታል፤ እዚህ የሚፈለገው ሁለተኛው ነው። ሁለተኛ፣ በ2019 የዓለም አቀፉ ሥነ ፈለክ ኅብረት መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፈለክ የመሰየም ዕድል ሰጥቶ ነበር፤ ለኢትዮጵያ የደረሰው ኮከብ «ቡና»፣ በዙሪያው የሚዞረው ፈለክም «አቦል» ተብለዋል። ያ ኮከብ እንደ ፀሐያችን ሃይድሮጅን የሚያነድ እውነተኛ ኮከብ ነው። «ቡና» የተጸውዖ ስም፣ «ቡናማ ድንክ» የመደብ ስም መሆኑን መምህራን ቢያስረዱ መደናገር አይኖርም።

ለ) ለጋ። «ወጣት» የሰውን ዕድሜ ይጠራል። «ለጋ» ግን ለቅጠልም፣ ለቅቤም፣ ለልጅም የሚነገር ሲሆን፣ የዕድሜ ማነስን ብቻ ሳይሆን ገና አለመጠንከርን ያመለክታል። ገና ያልታመቀ፣ ስበቱ የላላ አካል ከዚህ የተሻለ ቅጽል አይገኝለትም።

ሐ) ታሕተ ቀይ። «ታሕተ» የሚለው በድግግሞሽ ከቀይ ማነሱን የሚናገር ነው፤ በሞገድ ርዝመት ግን ከቀይ ይበልጣል። ሠንጠረዥ የሚያነብ ተማሪ እንዳይሳሳት ብያኔው ይህን ቢጠቅስ መልካም ነው። «ልዕለ ሐምራዊ» ከሚለው ጋር ጥንድ ስለ ሆነ «ኢንፍራሬድ» ከሚለው የውሰት ቃል ይልቅ ይመረጣል፤ የውሰቱን ቃል በንግግር መጠቀም ግን ነውር የለበትም።

፰. ለመዝገብ የቀረቡ ብያኔዎች

ቡናማ ድንክ (ስም)፦ እንደ ኮከብ ከደመና በስበት ተሰብስቦ የተፈጠረ፣ መጠነ ቁሱ ሃይድሮጅንን ጸንቶ ለማንደድ የማይበቃ፣ ከልደቱ ጀምሮ እየቀዘቀዘ የሚሄድ የሰማይ አካል። ከ13 እስከ 75 ወይም 80 ጁፒተሮች ያህል ይመዝናል።

ለጋ ቡናማ ድንክ፦ ገና ያልታመቀና የገጹ ስበት ደካማ የሆነ፣ ዕድሜው በሚሊዮኖች ወይም በአሥር ሚሊዮኖች ዓመታት የሚቆጠር ቡናማ ድንክ።

ታሕተ ቀይ (ቅጽል)፦ በድግግሞሽ ከቀይ ብርሃን የሚያንስ፣ በሞገድ ርዝመት ከቀይ የሚበልጥ፣ በዓይን የማይታይ ብርሃን።

ኅብረ ብርሃን፦ ብርሃን በሞገድ ርዝመቱ ተበትኖ ሲታይ የሚገኝ ሥርዓት። የማይታየውንም ስለሚጨምር «ኅብረ ቀለም» ከሚለው ይሰፋል።

ከ13 ጁፒተሮች በታች ሆነው በማንም ዙሪያ ስለማይዞሩት አካላት ለጊዜው «ብቸኛ ፈለክ መጠን አካል» ከማለት በቀር ስም አልሰጠንም። ባለሙያዎቹ ገና ያልተስማሙበትን በአማርኛ ስም ቀድሞ መወሰን የመጀመሪያውን ስሕተት መድገም ይሆናል። አንባብያን፣ በተለይም የፊዚክስ መምህራን፣ ከዚህ በላይ በቀረቡት ቃላት ላይ በክፍል ውስጥ የገጠማቸውን ቢገልጡልን ደስ ይለናል። የመጀመሪያውን ቃል ያሳረመችው አንዲት ተማሪ ናትና፣ ለነዚህኞቹም ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና የተማሪዎች ጥያቄ ነው።